ለብጉር ሕክምና ከኪስ ስትከፍሉ፦ ከመጀመሪያው ካርድ እስከ መጨረሻው ቱቦ

ታናሽ ወንድሜ የብጉር ዕቃዎቹን በሙሉ አንድ ፌስታል ውስጥ ነበር የሚያጭቃቸው። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት አልጋው ላይ ዘረገፍነው። ሰባት ቱቦ ወጣ። አንዱም አላለቀም። የአንደኛው እንዲያውም ክዳኑ ሥር ያለው ሽፋን ገና አልተበሳም። ከቱቦዎቹ ጋር የሁለት ክሊኒክ ካርድ፣ የተጨማደዱ ደረሰኞችና በትንሽ ብልቃጥ ያለ ስም የለሽ ነጭ ክሬም ነበር። ደረሰኞቹን አንድ በአንድ እየዘረጋን በስልኬ ደመርናቸው። ድምሩን ሲያይ ዝም አለ። እኔም የምለው ጠፋኝ። በዚያ ገንዘብ አንድ ሙሉ ሕክምና በሥርዓቱ ተጀምሮ ያልቅ ነበር።

የዚያን ቀን የገባኝን ልንገራችሁ። ብጉር ኪሳችንን የሚያራቁተው በየሁለት ሳምንቱ አዲስ ነገር ስለምንጀምር ነው። መድኃኒቱ ውጤቱን የሚያሳየው በወራት ነው። እኛ የምንበጅተው ግን በቀናት ነው። ሳይሠራ እንተወዋለን፤ ከዚያ ሌላ እንገዛለን። ስለዚህ ይህ መመሪያ ወጪውን በወር እየቆጠራችሁ እንድትይዙት ነው። በዋናነት አዲስ አበባ ሆኖ ከራሱ ኪስ ለሚከፍል ሰው ጽፌዋለሁ።

የብር ዋጋ እየጠራሁ አልዘረዝርም። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ምንዛሪው በገበያ ስለሚወሰን ከውጭ የሚገባ መድኃኒት ዋጋው አይጨበጥም። ዛሬ የጻፍኩት በወሩ ሐሰት ይሆናል። የማይለወጠው ስሌቱ ነው፦ ስንት ግራም፣ ስንት ፍሬ፣ ስንት ቀጠሮ። እሱን ከያዛችሁ የዕለቱን ዋጋ ራሳችሁ ታስገባላችሁ።

ደረጃ 1፦ ብር ከማውጣታችሁ በፊት ፊታችሁን እዩት

ጠዋት፣ መስኮት አጠገብ ቆማችሁ፣ ያለ ቅባትና ያለ ፊልተር ሦስት ፎቶ አንሱ። አንድ ከፊት፣ አንድ ከቀኝ፣ አንድ ከግራ። ይህ ምንም አያስከፍልም። ከሁለት ወር በኋላ ግን “ለውጥ አለው ወይስ የለውም?” የሚለውን የሚፈታላችሁ እሱ ነው። መስታወት ይዋሻል፤ በየቀኑ የሚያየውን ፊት ሰው አያስተውለውም።

ከዚያ የብጉሩን ዓይነት ለዩ። ጥቁርና ነጭ ነጠብጣብ ብቻ ከሆነ፣ አልፎ አልፎም አንድ ሁለት መግል የቋጠረ ከወጣ፣ ቀላል ነው። ከፋርማሲ በሚገዛ ቅባት መጀመር ይቻላል። ጉንጭና አገጭን የሸፈነ፣ ወደ ደረትና ጀርባ የወረደ ከሆነ ሐኪም ይየው። ከቆዳ ሥር የጠጠረ፣ ስትነኩት የሚያም፣ ሲድን ጉድጓድ ጥሎ የሚሄድ ከሆነ ደግሞ ቅባት እየሞከራችሁ ጊዜ አታጥፉ። በቀጥታ ወደ ቆዳ ስፔሻሊስት ሂዱ። እዚህ ላይ መቆጠብ አያዋጣም። ጠባሳ አንዴ ጎድጉዶ ከቀረ በቅባት አይሞላም።

ያለ ገንዘብ የሚስተካከለውንም አስቀድማችሁ አስተካክሉ። ብጉሩ ግንባር ላይና በፀጉር መስመር ዙሪያ ብቻ ከሆነ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ቅቤው ነው። ፀጉር የተቀባ ቅቤ በፀሐይ ሲቀልጥ ወደ ግንባር ይወርዳል፤ ቀዳዳውን ይደፍናል። ቫዝሊኑም የፀጉር ቅባቱም እንደዚያው። ቅቤ አትቀቡ ማለቴ አይደለም። ስትቀቡ ግንባራችሁን በሻሽ ለዩት፤ ማታ ትራሱ ላይ ሌላ ጨርቅ አንጥፉ። ወንዶች ደግሞ ከተላጫችሁ በኋላ አንገትና አገጭ ላይ ብቻ የሚወጣባችሁ ከሆነ፣ ወደ ቆዳ ተመልሶ የገባ ፀጉር ሊሆን ይችላል። የዚህ መፍትሔው ሌላ ነው።

ክንድ ውስጥ የሚቀበር የወሊድ መከላከያ ካስገባችሁ በኋላ የጀመረ ብጉርም አለ። ይህ የታወቀ የጎንዮሽ ጉዳት ነው። ያስገባችሁበት ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ንገሯቸው። የቤተሰብ ዕቅድ አገልግሎት በመንግሥት ጤና ጣቢያ በነፃ ስለሆነ፣ ወደ ሌላ ዓይነት መቀየር የሚቻል ከሆነ በዚያው ይታያል።

ሎሚ፣ ነጭ ሽንኩርትና የጥርስ ሳሙና ፊት ላይ አይደረግም። ሁሉም ያቃጥላል። በጠይም ቆዳ ላይ የተቃጠለ ቦታ ደግሞ ለወራት ጥቁር ሆኖ ይቀመጣል።

ደረጃ 2፦ በየትኛው በር ትገባላችሁ?

የግል ክሊኒክ ስትሄዱ የምትከፍሉት በዋናነት ለጊዜ ነው። ወረፋው ያጥራል፤ በሥራ መውጫ ሰዓት ይቀበሏችኋል። የመንግሥቱ በር በብር ይረክሳል፤ ቀንን ግን ይበላል። ሁለቱንም በገንዘብ ተምኑት። የቀን ደመወዝ ለሚከፈለው ሰው አንድ ሙሉ ቀን ወረፋ መቆም ከክሊኒክ ካርድ ሊበልጥ ይችላል። ለተማሪ ግን የመንግሥቱ ያዋጣል።

አዲስ አበባ ውስጥ የቆዳ ነገር ሲነሳ ስሙ የሚጠራው ዘነበወርቅ ያለው አለርት ነው። በ1965 እ.ኤ.አ. ለሥጋ ደዌ ሕክምናና ሥልጠና ተብሎ የተቋቋመ ነው። ዛሬ ከየክልሉ የቆዳ ሕመምተኛ ሪፈር የሚጻፍለት እዚያ ነው። ደሴ አካባቢ ላላችሁ ደግሞ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል የቆዳ ሕክምና ይሰጣል። አንዳንድ ሰው “አለርት የሥጋ ደዌ ነው” ብሎ ይሸሻል። ይህ ሽሽት ገንዘብ ያስወጣል፤ ሌላ ትርፍ የለውም።

ሁለቱን በር ማቀላቀልም ይቻላል። መጀመሪያ በግል ታይታችሁ ምርመራውንና ዕቅዱን ትወስዳላችሁ። ከዚያ የደም ምርመራ ከታዘዘ ርካሽ በሆነበት ቦታ ታሠራላችሁ። ሐኪሙን በግልጽ ጠይቁት፤ አብዛኞቹ አይከፋቸውም።

መድን ካላችሁ ከመሄዳችሁ በፊት ጠይቁ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን የሚሠራው በመንግሥት ተቋም ሪፈሩን ጠብቃችሁ ስትሄዱ ነው። መሥሪያ ቤታችሁ የሕክምና ወጪ የሚመልስ ከሆነ ደግሞ ችግሩ ብዙ ጊዜ አንድ ነው፦ ብጉርን ከመዋቢያ ይቆጥሩታል። ስለዚህ የሕመሙ ስም የተጻፈበት የሕክምና ማስረጃ፣ የማዘዣው ኮፒና ማኅተም ያለው ደረሰኝ ያዙ። “ቅባት” ብቻ የሚል ደረሰኝ ፋይናንስ ክፍል ጠረጴዛ ላይ ይቀራል።

ደረጃ 3፦ ሳትሄዱ ደውሉ

አምስት ደቂቃ የማይሞላ ስልክ ነው። እኔ የምጠይቀው እንዲህ ነው፦

“ጤና ይስጥልኝ። ለብጉር መታየት ፈልገን ነበር። የካርድ ስንት ነው? ካርዱ ለስንት ቀን ያገለግላል? ውጤት ለማሳየት ስንመለስ እንደገና እንከፍላለን? የሚያየን ስፔሻሊስት ነው ወይስ ጠቅላላ ሐኪም? መድኃኒቱን ውጭ መግዛት ይቻላል?”

ሁለተኛው ጥያቄ ዋናው ነው። የአንዱ ክሊኒክ ካርድ ለጥቂት ቀን ያገለግላል። የሌላው ለሳምንታት ይቆያል። የብጉር ክትትል ቀጠሮው በወራት ልዩነት ስለሆነ በየቀጠሮው አዲስ ካርድ እየከፈላችሁ ሊሆን ይችላል። ርካሽ የመሰላችሁ ካርድ ሦስት ጊዜ ሲከፈል ከውዱ ይበልጣል።

ስለ ታፔላውም አንድ ነገር ልበል። ወንድሜ የመጀመሪያ ቀን በሩ ላይ ደርሶ “የአባላዘር ይላል፣ አልገባም” ብሎ ቆመ። ግራ ቀኝ ያያል። የሚያውቀው ሰው እንዳያየው ነው። በእኛ አገር የቆዳና የአባላዘር ሕክምና በአንድ ላይ የሚሰለጠንበት ሙያ ነው። የቆዳ ሐኪም ታፔላ ላይ ሁለቱም ስለሚጻፉ ማፈር የለባችሁም። ታፔላውን አይቶ የተመለሰ ልጅ መጨረሻው ፀጉር ቤት ክሬም መግዛት ነው።

ደረጃ 4፦ ሐኪሙ ፊት በጀታችሁን ተናገሩ

ይህ ለብዙ ሰው ከባድ ነው። ሐኪም ፊት ስለ ገንዘብ ማውራት ያሳፍረናል። ማዘዣውን ተቀብለን “እሺ” ብለን እንወጣለን። ፋርማሲ ስንደርስ ከአምስቱ ሁለቱን እንገዛለን። የትኞቹን ሁለት? ርካሾቹን። እነሱ ደግሞ ብዙ ጊዜ ዋናዎቹ አይደሉም።

እኔ በሁለተኛው ክሊኒክ ገና ስንቀመጥ “ዶክተር፣ በወር ከዚህ በላይ አንችልም። ለሦስት ወር የሚዘልቅ ይሁንልን” አልኳት። ቀና ብላ አየችን። የጻፈችውን ማዘዣ ወደ ራሷ አዞረችና ሁለት መስመር ሰረዘች። ልዩ ሳሙናውን ሰረዘች፣ ሴረሙንም ሰረዘች። ከቀሩት ጎን 1፣ 2፣ 3 ብላ ቁጥር አደረገችበት። “ብር ካነሰ ከታች ጀምራችሁ ነው የምትተዉት” አለች። ከዚያ ወዲህ ለማንም ሰው የምነግረው ይህንን ነው፦ ማዘዣው ላይ ቁጥር እንዲጻፍላችሁ ጠይቁ።

ሌላው መጠየቅ ያለበት የመድኃኒቱ ሳይንሳዊ ስም ነው። የንግድ ስም ብቻ ከተጻፈ ፋርማሲው ያንን ብቻ ይፈልጋል። አዳፓሊን፣ ትሬቲኖይን፣ ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ፣ ክሊንዳማይሲን፣ አዜላይክ አሲድ፣ ዶክሲሳይክሊን፣ አይሶትሬቲኖይን። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ የሚዋጡ ናቸው፤ ሌሎቹ የሚቀቡ። ከብጉር ማዘዣ ውስጥ አብዛኛው ከእነዚህ አይወጣም። ስሙን ከነመጠኑ ከያዛችሁ የተለያየ አገር ምርት ዋጋ ማወዳደር ትችላላችሁ።

እርጉዝ ከሆናችሁ ወይም ለማርገዝ ካሰባችሁ ሳይጠይቋችሁ ተናገሩ። ከላይ ከጠራኋቸው ብዙዎቹ ለእርጉዝ አይሆኑም። አይሶትሬቲኖይን ጽንስን ክፉኛ ይጎዳል።

ደረጃ 5፦ የሦስት ወር ሒሳብ ሥሩ

ለምን ሦስት ወር? ቅባትም እንክብልም ሥራውን ለማሳየት ከ8 እስከ 12 ሳምንት ይፈልጋል። ዛሬ ፊታችሁ ላይ ያለው ብጉር ከሳምንታት በፊት ከቆዳ ሥር የተጀመረ ነው። መድኃኒቱ የሚሠራው ገና የሚወጣው ላይ ነው። እንዲያውም በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሊብስ ይችላል። የወንድሜ ሰባት ቱቦዎች በሙሉ እዚያ ላይ ነው የተጣሉት።

የማታ ቅባት (አዳፓሊን ወይም ትሬቲኖይን)፦ ለሙሉ ፊት የሚበቃው የአንድ አተር ፍሬ ያህል ነው። ግማሽ ግራም ገደማ በሉት። በ90 ማታ 45 ግራም ይሆናል። ባለ 15 ግራም ቱቦ ከሆነ ሦስት፣ ባለ 30 ከሆነ አንድ ተኩል ማለት ነው። ዋጋ ስታወዳድሩ ቱቦውን አትዩ፤ ግራሙን እዩ። ለስሌት እንዲመች ባለ 15ቱ 600 ብር፣ ባለ 30ው 900 ብር ነው እንበል። የመጀመሪያው “ርካሽ” ይመስላል። ግራሙ ግን 40 ብር ነው። የሁለተኛው 30 ብር ነው።

የጠዋት ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ፦ 2.5፣ 5 እና 10 በመቶ አለ። ሰው ሁሉ “ጠንካራውን ስጠኝ” ይላል። 2.5ቱ ከ10ሩ ጋር የሚቀራረብ ውጤት ይሰጣል፤ ቆዳን ግን ያነሰ ያደርቃል። ባለ 10ሩን ገዝቶ ፊቱ ተልጦ የሚተወው ብዙ ነው።

ዶክሲሳይክሊን ከታዘዘ፦ በቀን አንድ ባለ 100 ሚሊ ግራም ከሆነ ለሦስት ወር 90 ፍሬ ነው። ከማዘዣው ውስጥ ብዙ ጊዜ ርካሹ እሱ ነው። ለዚህም ነው ሰው እሱን ብቻ ገዝቶ ቅባቱን የሚተወው። እንዲህ አይሠራም። ፀረ ባክቴሪያ ብቻውን ሲወሰድ ተህዋሲያኑ ይለምዱታል። ባቆማችሁ ጊዜ ብጉሩ ይመለሳል። ከሦስት ወር በላይም በራሳችሁ አትቀጥሉበት።

የፀሐይ መከላከያ፦ በረጅም ጊዜ ኪስ የሚጎዳው እሱ ነው። በሁለት ጣት ልክ የሚወጣው አንድ ግራም ገደማ ነው፤ ባለ 50 ሚሊ ሊትር ከሁለት ወር አይዘልም። ግን በእኛ ቆዳ ብጉሩ ጠፍቶ ጥቁር ምልክቱ ነው የሚያስቸግረው፤ ፀሐይ ደግሞ ያጠቁረዋል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። እኩለ ቀን ላይ ፀሐይዋ ቀልድ አታውቅም። አቅም ካነሰ ጃንጥላና ሰፊ ኮፍያ ይዛችሁ መከላከያውን ፀሐይ ላይ ለምትውሉበት ቀን ብቻ ቆጥቡት።

በዚህ ላይ ሦስት ቀጠሮ፣ ካርዱ የሚታደስበትን ጊዜ፣ ታክሲውን ጨምሩ። ድምሩን ለሦስት አካፍሉት። የወር ወጪያችሁ ይህ ነው። ከወር ገቢያችሁ ጋር ካልገጠመ አሁኑኑ ዕቅዱን ቀይሩ፤ በስድስተኛው ሳምንት ላይ አይደለም።

አይሶትሬቲኖይን ከታዘዘላችሁ

ይህ ለብቻው ይታይ። ለከባድ ብጉር ከሁሉ የሚበልጠው መድኃኒት እሱ ነው። ወጪውም ሒሳቡም ለየት ይላል። ሐኪሞች ብዙ ጊዜ የሚያሰሉት ሕክምናው እስኪያልቅ በሚወሰደው ጠቅላላ መጠን ነው፦ ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት ከ120 እስከ 150 ሚሊ ግራም።

60 ኪሎ የሚመዝን ሰው እንውሰድ። በ120 ሲሰላ 7,200 ሚሊ ግራም ነው። በባለ 20 ሚሊ ግራም ፍሬ 360 ፍሬ ይሆናል። በ150 ሲሰላ 450 ፍሬ ነው። 30 ፍሬ የሚይዝ ፓኮ ከሆነ ከ12 እስከ 15 ፓኮ ማለት ነው። የአንዱን ፓኮ የዕለት ዋጋ ጠይቁና አባዙት። ብዙ ሰው የአንድ ፓኮ ዋጋ ሰምቶ ይጀምራል፤ በአራተኛው ወር እጅ ያጥረዋል። ያቋረጠ ሰው ብጉሩ የመመለስ ዕድሉ ይሰፋል።

የቀኑ መጠን ዝቅ ቢልም ጠቅላላው ፍሬ አይቀንስም፤ የሚረዝመው ወሩ ነው። በቀን 60 ሚሊ ግራም ከሆነ 7,200ው በአራት ወር ያልቃል። በቀን 30 ከሆነ ስምንት ወር ይወስዳል። ዝቅ ያለው መጠን ለሰውነት ይቀላል፤ የወሩ ክፍያም ይቀንሳል። ካርዱና ምርመራው ግን ይበዛል። ለእናንተ የትኛው እንደሚሻል ሐኪሙ ይወስናል፤ ሒሳቡን ግን አብራችሁ ሥሩት።

የምርመራው ወጪም አለ። ከመጀመራችሁ በፊት የጉበትና የደም ቅባት ምርመራ ይታዘዛል፤ ከአንድ ሁለት ወር በኋላ ይደገማል። ለሴቶች የእርግዝና ምርመራ ከመጀመሪያው በፊትና በየወሩ ያስፈልጋል። ከመጀመራቸው አንድ ወር በፊት፣ በሚወስዱበት ጊዜ ሁሉ፣ ካቆሙም በኋላ አንድ ወር አስተማማኝ የእርግዝና መከላከያ የግድ ነው። ከንፈር ይደርቃል፤ ለእሱ ተራ ቫዝሊን ይበቃል፤ ውድ ሊፕ ባልም አያስፈልግም። ስሜታችሁ ከወትሮው ከጨለመ አትደብቁ፤ ለሐኪሙ ንገሩት። ከዶክሲሳይክሊን ጋርና ከቫይታሚን ኤ እንክብል ጋር አብሮ አይወሰድም። ለጓደኛም አይካፈልም፤ በምንም ምክንያት።

ደረጃ 6፦ ፋርማሲ

ማዘዣውን ይዛችሁ ቢያንስ ሦስት ቦታ ጠይቁ። ከመካከላቸው የከነማና የቀይ መስቀል ፋርማሲዎች ይኑሩበት። እዚያ ካለ ብዙ ጊዜ ዋጋው ይሻላል። ሳትገዙ ዋጋውን በማዘዣው ጀርባ ጻፉ። የሚያበቃበትን ቀን እዩ፤ ለሦስት ወር የምትገዙት ነገር በሁለት ወር እንዳያልፍባችሁ። በመጀመሪያው ቀን ግን ሦስቱንም ወር አትግዙ። ቆዳችሁ ላይቀበለው ይችላል። አንድ ቱቦ ጨርሳችሁ ቀሪውን አንድ ላይ ግዙ።

ከአሜሪካ የሚመጣ ዘመድ ካላችሁ አንድ ጠቃሚ ነገር አለ። አዳፓሊን 0.1 በመቶ እዚያ አገር ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ሐኪም ማዘዣ ይሸጣል። ቤንዞይል ፐርኦክሳይድም እንደዚያው። “የፊት ክሬም አምጪልኝ” ካላችሁ የሚመጣው ሽቶ ያለው ቅባት ነው። ስሙንና መጠኑን ጽፋችሁ ላኩ።

አሁን ወደዚያ ስም የለሽ ብልቃጥ ልመለስ። ወንድሜ የገዛው ከአንድ ፀጉር ቤት ነው። “የተቀመመ ነው፣ በሳምንት ያጠፋዋል” ተብሎ። እውነትም በአምስት ቀን ፊቱ ለሰለሰ። እናታችን “ምነው ቀደም ብለህ በገዛኸው” አለችው። ሲያልቅበት ሁለተኛ ገዛ። ሁለት ቀን ሲያቆመው ፊቱ በሙሉ አንድ ዓይነት በሆኑ ጥቃቅን ፍንጥሮች ተሞላ፤ ያሳክከዋል፣ ያቃጥለዋል። ሐኪሟ ብልቃጡን ከፍታ አየችና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀች። “ስታቆመው ይብሳል?” ይብሳል አላት። ስቴሮይድ ያለበት ቅባት ጠባዩ ይህ ነው። መጀመሪያ መቅላቱንና እብጠቱን ያጠፋል። ሲቆይ ግን ቆዳን ያሳሳል፤ ራሱ ብጉር ያወጣል። ከድጡ ወደ ማጡ ማለት ይህ ነው።

ስለዚህ ስም፣ አምራችና የሚያበቃበት ቀን የሌለበት ክሬም ፊታችሁ ላይ አታድርጉ። ስም ያለውንም ጀርባውን አንብቡ። ቤታሜታሶን ወይም ክሎቤታሶል የሚል ካለበት ስቴሮይድ ነው። ለማቅላት ብለው ብዙዎች የሚቀቡት ዴርሞቬት ክሎቤታሶል ነው፤ ከስቴሮይዶች ሁሉ በጣም ኃይለኛ ከሚባሉት ወገን ነው። ለወራት ስትጠቀሙበት ከቆያችሁ በአንዴ ከመጣል በፊት የቆዳ ሐኪም እንዴት እንደሚቆም ይንገራችሁ።

ደረጃ 7፦ የገዛችሁት እንዳይባክን

የማታውን ቅባት በመጀመሪያ ሁለት ሳምንት አንድ ቀን ዘላችሁ ተቀቡ። ፊታችሁን ታጥባችሁ ሙሉ በሙሉ ይድረቅ። ብጉሩ ላይ ብቻ ነጥብ ነጥብ አታድርጉ፤ ብጉር የሚወጣበትን ቦታ በሙሉ በስሱ አዳርሱት። ካቃጠለ ተራ ሽቶ የሌለው ማለስለሻ አስቀድሙ።

ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ ልብስ ያነጣል። የእኔ የበዓል ነጠላ ጥለቱ አንድ ጫፉ ላይ ዛሬም ሐመር ነው፤ ወንድሜ ፊቱን የጠረገበት ቦታ ነው። ነጭ ፎጣና ነጭ የትራስ ልብስ ለዩለት።

ዶክሲሳይክሊን በብዙ ውሃ ይዋጣል፤ ከዋጣችሁ በኋላ ወዲያው አትተኙ። ጉሮሮ ያቆስላል። በባዶ ሆድ ሲወሰድ ያቅለሸልሻል። የምትጾሙ ከሆነ ከ9 ሰዓት በኋላ፣ እህል ከቀመሳችሁ በኋላ አድርጉት። አይሶትሬቲኖይን ደግሞ ስብ ካለበት ምግብ ጋር ካልሆነ በደንብ ወደ ሰውነት አይገባም። ይህ በጾም ወቅት ይረሳል። ዘይት ያለው ሽሮ፣ አቮካዶ ወይም ለውዝ ሲኖር አብራችሁ ውሰዱት። በደረቅ ዳቦና በሻይ ከዋጣችሁት ያን የሚያህል ብር የከፈላችሁበት ፍሬ በከፊል ይባክናል።

አታፍርጡት። ይህን ሁሉም ያውቀዋል፤ ማንም አይተወውም። ቢያንስ ጥፍራችሁን አሳጥሩ።

ደረጃ 8፦ ፒሊንግ፣ ሌዘር፣ “ፓኬጅ”

ብጉሩ ገና በንቃት እየወጣ ሳለ ስድስት ጊዜ የሚከፈል የፒሊንግ (የላይኛውን ቆዳ በኬሚካል የመላጥ) ወይም የሌዘር ፓኬጅ ካቀረቡላችሁ አትቸኩሉ። መጀመሪያ መድኃኒቱ ብጉሩን ያረጋጋው። ጠባሳውና ጥቁሩ ከዚያ በኋላ ይታያል። ጥቁር ምልክቱ ደግሞ በጊዜ፣ በማታው ቅባትና ፀሐይን በመከላከል ብቻ ብዙው ይደበዝዛል። ከተስማማችሁም ቅድሚያ ሙሉውን አትክፈሉ። በጠይም ቆዳ ላይ ስንት ጊዜ እንደሠሩ ጠይቁ፤ በደንብ ያልተሠራ ፒሊንግ ሌላ ጥቁር ይተዋል።

ደረጃ 9፦ መሀል ላይ ብር ካለቀ

ይህ ይከሰታል። ቤት ኪራይ ይጨምራል፣ ሰው ይታመማል። ያኔ ሁሉን በአንዴ አትጣሉ። መጀመሪያ የሚተወው ልዩ ሳሙናው ነው፤ ለስላሳ ሳሙና ይበቃል። ቀጥሎ ቶነር፣ ሴረም፣ ቫይታሚንና ፒሊንግ ይተዉ። ዶክሲሳይክሊን ብቻውን እንዲቀር አታድርጉ። እስከ መጨረሻው ድረስ የምትይዙት የማታው ቅባት ነው። ብጉሩ ከጠፋ በኋላም እንዳይመለስ የሚጠብቀው እሱ ነው። አይሶትሬቲኖይን ላይ ከሆናችሁ ደግሞ ፍሬው ከማለቁ በፊት ደውሉ፤ ሐኪሙ የቀኑን መጠን ዝቅ አድርጎ ጊዜውን ሊያረዝመው ይችላል።

ወንድሜ አሁን በማታው ቅባት ላይ ብቻ ነው። ደረሰኞቹን በደብተር ይለጥፋል፤ ቱቦው የተከፈተበትን ቀን በስክሪብቶ ጀርባው ላይ ይጽፋል። ባለፈው ሳምንት መኝታ ክፍሉ ስገባ አንድ ቱቦ በመቀስ ከመሀሉ ቆርጦ በጣቱ ውስጡን እየጠረገ አገኘሁት። “የሦስት ማታ ይወጣዋል” አለኝ፣ ግማሹን ቱቦ ግማሹ ላይ መልሶ እየከደነ።